መኪና ውስጥ ለማደርም፣ መብራት ሲጠፋም፦ ባትሪው በምን ይሞላል?

ጥያቄው፦ «ለጥቂት ወራት በመኪናዬ ውስጥ እያደርኩ ለመሥራት አስቤያለሁ። 100 አምፔር-ሰዓት የሚል ሁለተኛ የመኪና ባትሪ ገዝቼ፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ከዋናው ባትሪ ጋር ላገናኝና 2000 ዋት ኢንቨርተር ላስርበት ነው። የምጠቀመው በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ፣ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልክ፣ መብራት፣ ትንሽ ማራገቢያና የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ነው። ቤት መብራት ሲጠፋም ይኸንኑ ልጠቀምበት እፈልጋለሁ። ሞተር ሳላስነሳ ስንት ቀን ያቆየኛል? ወይስ ተገጣጥሞ ያለቀውን የኃይል ሳጥን ልግዛ?»

አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አያደርስዎትም። ባሰቡት መንገድ ካገናኙት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መኪናው ራሱ ላይነሳ ይችላል። የባትሪው ዓይነት፣ ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥርና አገናኙ ሦስቱም መታረም አለባቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጭራሽ ያልተጠየቀው ነው፦ ባትሪው ሲወርድ በምን ይሞላል? በስንት ሰዓት?

ሞተር ለማስነሳት የሚሸጥ ባትሪ ውስጡ ስስና ብዙ የእርሳስ ፕሌቶች ናቸው። ስስ የተደረጉት ሞተሪኖው የሚፈልገውን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ለሁለትና ሦስት ሰከንድ በአንዴ እንዲያፈሱ ነው። የወጣችውን ጥቂት ዲናሞው ወዲያው ይመልሳታል፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ዕድሜውን ሙሉ ሞልቶ ነው የሚኖረው። በየሌሊቱ እስከ ግማሽ ካወረዱት ፕሌቱ ላይ ያለው ልጥፍ እየላላ ይረግፋል፣ የሚፈጠረው ሰልፌትም እየደረቀ ተመልሶ አልሟሟም ይላል። በጥቂት ወራት ውስጥ 100 የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ሆኖ ውስጡ 40 እንኳ የማይሞላ ባትሪ ይቀርዎታል። ፕሌቱ ወፍራም የሆነ፣ እየወረደ እየተሞላ እንዲሠራ የተሰናዳ የአሲድ ባትሪ አለ፤ እሱም ቢሆን ከግማሽ በታች ባይወርድ ነው ዕድሜ የሚኖረው።

ወደ ቁጥሩ። አምፔር-ሰዓት ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ በቮልት አባዝተው ዋት-ሰዓት ያድርጉት። 100 አምፔር-ሰዓት በ12 ቮልት 1200 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሳይጎዱት የሚያወጡት 600 ገደማ ነው። አሁን ወጪዎን ይቁጠሩ። ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ 45 ዋት ገደማ ይስባል፤ ከቀኑ 40 በመቶውን ቢሠራ 430 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ከሆነ የሚሠራበት ጊዜ ከዚህ በጣም ሊጨምር ይችላል። ላፕቶፕ 60 ዋት ለ4 ሰዓት 240፣ ሁለት ስልክ 30፣ ባለ 6 ዋት መብራት ለ5 ሰዓት 30፣ ባለ 10 ዋት ማራገቢያ ለ7 ሰዓት 70። ድምሩ በቀን 800 ዋት-ሰዓት ነው፤ ውሃ ማፍያው ገና አልተቆጠረም። 600ው ለ18 ሰዓት ነው የሚበቃው፤ ያውም ባትሪው አዲስ እያለ።

ኢንቨርተሩ (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ) ደግሞ ማንም ሳይነካው ይበላል። 2000 ዋት የሚል ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ተከፍቶ ቢቀመጥ 20 ዋት ገደማ ሊጠጣ ይችላል። ይህ በ24 ሰዓት 480 ዋት-ሰዓት ነው፤ ፍሪጁ ከሚበላው ይበልጣል ማለት ነው። ፍሪጁ፣ መብራቱ፣ ማራገቢያውና ስልኩ በቀጥታ ከ12 ቮልት ይሠራሉ። አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ ላፕቶፖችም 60 ወይም 100 ዋት በሚሰጥ ባለ ዩኤስቢ-ሲ የመኪና ቻርጀር ይሞላሉ። የ12 ቮልቱን ባትሪ ወደ 220 ቮልት ከፍ አድርጎ፣ የላፕቶፑ ቻርጀር መልሶ ወደ 20 ቮልት እንዲያወርደው ማድረግ በሁለቱም መንገድ ላይ ሙቀት እየከፈሉ መሄድ ነው። ለእርስዎ 300 ዋት ንጹህ ሳይን ሞገድ (እንደ ቤቱ መብራት ያለ ለስላሳ ሞገድ) የሚሰጥ ኢንቨርተር ይበቃል፤ ሲፈልጉት ብቻ ይክፈቱት።

ውሃ ማፍያውን ይተዉት። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 93 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ብክነቱ ተጨምሮ ከባትሪው የሚወጣው 120 ገደማ ነው። ይህን ባትሪው በቀን አንዴ ሁለቴ ሊችለው ይችላል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው፦ 1500 ዋት የሚስብ ማፍያ ከ12 ቮልት ባትሪ 130 አምፔር ይጠይቃል። የአሲድ ባትሪ በዚህ ሸክም ቮልቱ ይወርድና ኢንቨርተሩ ጮሆ ይዘጋል። ብዙ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የሊቲየም ባትሪዎች ደግሞ የሚፈቅዱት እስከ 100 አምፔር ስለሆነ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ለአንድ ሻይ ብሎ ኬብሉን፣ ፊውዙንና ኢንቨርተሩን ሁሉ በአምስት እጥፍ ማሳደግ አያዋጣም። ውሃውን በጋዝ ያፍሉ፣ ግን ከመኪናው ውጪ።

ሁለቱን ባትሪዎች በቀጥታ ማገናኘት ለምን እንደማይሆን እነሆ። ሞተር ሲጠፋ ሁለቱ አንድ ባትሪ ስለሆኑ ፍሪጁ ሁለቱንም እኩል ያወርዳቸዋል፤ የሚያስነሳ አይቀርም። አንዱ ወርዶ ሌላው ሙሉ ሆኖ ሲገናኙ ከሙሉው ወደ ባዶው የሚሮጠውን አምፔር የሚገታ ነገር የለም። አሮጌው ባትሪም አዲሱን ይዞት ይወድቃል። ሁለተኛው ባትሪ ሊቲየም ከሆነ ጉዳቱ ዲናሞው ላይም ይደርሳል፦ ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ ያለ ገደብ ስለሚውጥ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ማቀዝቀዣ ነፋሱ ያነሰው ዲናሞ እስኪቃጠል ይሠራል። የባትሪው መከላከያ ቦርድ (ቢኤምኤስ የሚባለው) መሃል ላይ በድንገት ቢቆርጥ ደግሞ የሚዘለው ቮልት የዲናሞውን ዳዮዶች ሊያበላሽ ይችላል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ዲናሞው ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ስለሚያወርደው፣ በቀጥታ የታሰረ ሁለተኛ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ቢነዱም አይሞላም።

መፍትሔው ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ነው፤ በሁለቱ ባትሪዎች መሃል ይቀመጣል። ሞተሩ መነሳቱን ሲያውቅ ብቻ ይከፍታል፣ የሚወስደውን አምፔር ይገድባል፣ ለሁለተኛው ባትሪ የሚስማማውን ቮልት ራሱ ይሠራል። ባለ 30 አምፔሩ 400 ዋት ገደማ ያስገባል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ከነዱ 800ውን መለሱ ማለት ነው። የሚነዱት ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነ 200 ነው የሚመለሰው፤ የቀረውን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብዎ። ጣሪያ ላይ ተጋድሞ የተቀመጠ 200 ዋት የፀሐይ ፓኔል በጥሩ ቀን ከ600 እስከ 700 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ ደመና በጋረደው ቀን ግን 150 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ፓኔል የገጠሙ አንዳንድ ሰዎች መኪናውን ለማቀዝቀዝ ብለው ዛፍ ሥር ያቆሙታል፤ ፓኔሉ ላይ ያረፈ አንድ የቅርንጫፍ ጥላ ምርቱን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል። ጥላ ከፈለጉ በረጅም ኬብል አውጥተው መሬት ላይ የሚዘረጉት ፓኔል ይሻልዎታል።

ሞተሩን ቆሞ እያስነሱ ባትሪ መሙላት ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ነዳጅ ያቃጥላል። ከዚህ የሚከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ጋራዥ ውስጥ፣ ግድግዳ ሥር፣ የጭስ ማውጫው በጭቃ ወይም በበረዶ ተደፍኖ፣ ወይም ማርሚታው ቀዳዳ እያለው ሞተር አስነስቶ መተኛት ገዳይ ነው። የጋዝ ምድጃ በተዘጋ መኪና ውስጥም እንደዚያው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከፍሪጁ በፊት ይግዙ።

ባትሪው ሊቲየም-አይረን-ፎስፌት ይሁን። 100 አምፔር-ሰዓቱ በ12.8 ቮልት 1280 ዋት-ሰዓት ነው፤ 90 በመቶውን ሳይሳቀቁ ይጠቀሙበታል፣ ለእርስዎ ወጪ አንድ ቀን ከአሥር ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ክብደቱ ከ11 እስከ 13 ኪሎ ነው፤ ተመሳሳይ የአሲድ ባትሪ 30 ኪሎ ይጠጋል። በሺዎች ጊዜ ይሞላል ይወርዳል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ እስከ መጨረሻው ድረስ በፍጥነት ይሞላል፣ ግማሽ ሞልቶ መክረሙም አይጎዳውም። የአሲድ ባትሪ የመጨረሻዋን 20 በመቶ ለመሙላት ብቻ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት ነድቶ የሚያቆም ሰው በየቀኑ ሳይሞላው ያሳድረዋል፣ በየቀኑም ሰልፌቱ ይከማቻል። ተነቃይ ክዳን ያለው የውሃ ባትሪ ደግሞ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

ሊቲየም ሁለት ነገር አይወድም። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ በብረት መልክ ይለጠፍና ጉዳቱ አይመለስም፤ ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት ቦታ ካደሩ በብርድ ጊዜ ቻርጅ የሚቆርጥ ቢኤምኤስ ያለውን ይምረጡ። ሻጩ «ቢኤምኤስ አለው» ማለቱ አይበቃም፤ የብርድ መቁረጫ መኖሩን ጽሑፉ ላይ ይፈልጉ። ሙቀትም ያስረጀዋል። ኮፋኖ ሥር አይገባም፣ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥርም አይቀመጥም፤ ወለል ላይ፣ ከወንበር ኋላ፣ በቀበቶ በደንብ ታስሮ ይቀመጥ። ግጭት ቢደርስ ያልታሰረ 12 ኪሎ ሳጥን ወደ ራስዎ ነው የሚመጣው።

ገንዘብ የሚቆጠብበት ቦታ ሽቦ አይደለም። ከፊት ባትሪው እስከ ኋላ 5 ሜትር ቢሆን፣ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ነው። ባለ 30 አምፔሩ ቻርጀር ከፊት 35 አምፔር ያህል ይስባል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ላይ ይህ ወደ 1 ቮልት ይጥላል፤ ቻርጀሩ ሞተሩ የጠፋ መስሎት እየዘጋ እየከፈተ ሊያስቸግርዎት ይችላል። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚጠፋው 0.4 ቮልት ብቻ ነው፤ እሱን ይጠቀሙ። ከመዳብ የቀለለ፣ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ሽቦ በብዛት ይሸጣል፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፣ ውስጡ ብርማ ከሆነ አይግዙት።

ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው የኃይሉ ምንጭ አጠገብ፣ ከባትሪው ጫፍ ከ18 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለ በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ከፊት ብቻ አድርጎ ይተወዋል፤ ሽቦው መሃል ላይ ከአካሉ ብረት ጋር ቢፋተግ ኋላ ያለው ባትሪ ያቃጥለዋል። እዚህ መስመር ላይ 60 አምፔር፣ ከሊቲየሙ ወደ ኢንቨርተሩና ወደ ማከፋፈያው በሚወጣው ዋና መስመር ላይም 60 አምፔር ይበቃል። ለሊቲየም ዋና ፊውዝ ተራው የመኪና ባለ ምላስ ፊውዝ አይሆንም፦ ባትሪው በሾርት ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ሊተፋ ስለሚችል፣ ፊውዙ ቀልጦ እንኳ በእሳት ብልጭታው በኩል ኃይሉ ማለፉን ሊቀጥል ይችላል። 10,000 አምፔርና ከዚያ በላይ መቁረጥ የሚችል፣ በቀጥታ ባትሪው ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ዓይነት ይፈልጉ።

መገጣጠሚያውን በእጅዎ ይፈትሹት። የሽቦው ጫፍ ላይ የሚገባው የመዳብ ቀለበት በትክክለኛው መጭመቂያ ካልተጨመቀና 0.02 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው፣ በ35 አምፔር ጊዜ 24 ዋት ሙቀት እዚያች ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ይሰበሰባል፤ ትንሽ የብየዳ ብረት እንደ መሰካት ነው። ሥርዓቱን ለ20 ደቂቃ በሙሉ ጭነት ያሠሩትና እያንዳንዱን ጫፍ በጥንቃቄ ይዳስሱ። ጫፉ ከሽቦው ይልቅ ከሞቀ ይፍቱትና እንደገና ይሥሩት።

«ፍሪጁ ሌሊት ሌሊት ይጠፋል፣ ባትሪው ግን ሙሉ ነው» የሚለው ችግርም ምንጩ ብዙ ጊዜ ሽቦ ነው። ፍሪጁ ባትሪ እንዳይጨርስ ቮልቱ ሲወርድ ራሱን ይዘጋል። ግን የሚለካው ራሱ ጋ የደረሰውን ቮልት ነው። 6 ሜትር ርቀት በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከተዘረጋ፣ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ 10 አምፔር ቢስብ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላልቶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በ4 ወይም በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ለብቻው መስመር ያውጡለት፣ የፍሪጁንም መቁረጫ ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት፤ ባትሪውን ቢኤምኤሱ ይጠብቀዋል።

ሊቲየም ምን ያህል እንደቀረው በቮልት አይታወቅም። ከ70 በመቶ እስከ 40 በመቶ ድረስ 13.2 ገደማ ላይ ቆሞ ይቆይና መጨረሻ ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ሻንት (አምፔሩ እያለፈበት የሚለካበት ቁራጭ) ያለው መለኪያ ይግጠሙ። ሻንቱ በኔጌቲቩ መስመር ላይ ይገባል፤ ሁሉም ኔጌቲቭ፣ የቻርጀሩም ሆነ የፍሪጁ፣ በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። አንዱን ብቻ በስህተት ባትሪው ጫፍ ላይ ካሰሩት መለኪያው አያየውም፤ 60 በመቶ እያለ ጨለማ ውስጥ ያስቀርዎታል።

ተገጣጥሞ ያለቀው የኃይል ሳጥን ውስጡ ያው ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ቻርጀር ነው። የሚያስፈልግዎ መብራት ሲጠፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ይግዙ ብዬ እጨርስ ነበር። ለመኪና ኑሮ ግን ጠባብ ጉሮሮ አለው፦ በሲጋራ መለኮሻ ሶኬት በኩል ሲሞላ የሚወስደው 100 ዋት ያህል ነው። 1000 ዋት-ሰዓቱን ለመሙላት አሥር ሰዓት መንዳት ይጠይቃል። ከክፍሎቹ አንዱ ቢበላሽም ሳጥኑ በሙሉ ጥገና ይገባል። ከገዙ ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ትተው ዋት-ሰዓቱን ይዩ፤ ከሱ ላይ 15 በመቶ ይቀንሱ፤ ባትሪው ሊቲየም-አይረን-ፎስፌት መሆኑንም ያረጋግጡ።

የእርስዎ ግን ይህ ይሁን፦ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም-አይረን-ፎስፌት፣ ባለ 30 አምፔር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር፣ 300 ዋት ንጹህ ሳይን ኢንቨርተር፣ ሻንት፣ ከግድግዳ የሚሞላ ባለ 20 አምፔር የሊቲየም ቻርጀር (ከባዶ በአምስት ሰዓት ይሞላዋል)። በቀን ከሁለት ሰዓት በታች የሚነዱ ከሆነ ብቻ 200 ዋት ፓኔል ይጨምሩ። ከዚህ ሊቲየም ሌላ ተጨማሪ ባትሪ አይግዙ፤ የሚሞላው የሌለው ትልቅ ባትሪ ባዶነቱን አንድ ቀን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም።

ለቤት ሲሆን ባትሪው በትልቅ ተሰኪ ማያያዣ ከመኪናው እንዲለይ ያድርጉት፤ 12 ኪሎውን ይዘው ይገባሉ። የኢንተርኔት ራውተር 10 ዋት ቢስብ ቀኑን ሙሉ 240 ዋት-ሰዓት ነው፤ ብዙዎቹ በቀጥታ ከ12 ቮልት ስለሚሠሩ ትንሽ የቮልት ማረጋጊያ አስገብተው ኢንቨርተሩን ያልፉታል። የቤት ፍሪጅ ግን በ300 ዋት ኢንቨርተር አይነሳም፤ ሲነሳ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ይስባል። በሩ ካልተከፈተ ግን ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ለአጭር መጥፋት ባትሪ አያስፈልገውም። ኢንቨርተርን ባለ ሁለት ወንድ ጫፍ ገመድ ሠርቶ ወደ ግድግዳ ሶኬት መሰካት የተከለከለ ነው። ኃይሉ ወደ መስመሩ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል፣ መብራቱ ሲመለስም ኢንቨርተሩን ያነደዋል። ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚያመነጭ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ካለ ደግሞ ይህ ሥርዓት አይበቃም፦ 300 ዋት የሚስብ መሣሪያ በቀን ከ7,000 ዋት-ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ ይህ ባትሪ አራት ሰዓት እንኳ አያቆየውም።

ሁሉንም ካሰሩ በኋላ ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት ባትሪውን ሙሉ አድርገው መለኪያውን 100 ላይ ያስተካክሉ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ እንደወትሮው ለ24 ሰዓት ይጠቀሙ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት መለኪያው ከ30 በመቶ በታች ካሳየ በመጀመሪያ ኢንቨርተሩ ተከፍቶ አለማደሩን ይዩ፣ ከዚያ የፍሪጁን ሙቀት ማስተካከያ ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርገው እንደገና ይለኩ።